ዱር ቤቴ ያሉት ሳራማካዎች

በደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ በሱሪናም፣ ሆላንዶች አፍሪካውያንን ባሪያ አድርገው በስኳር እርሻ ያሠሩ ነበር። ብዙ ባሮች ከ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እያመለጡ ዱር ቤቴ አሉ። ማሩን የሚባሉት እነሱና ልጆቻቸው ናቸው። ከነሱ አንዱ የሆነው የሳራማካ ሕዝብ ለአሥርት ዓመታት ተዋግቶ በ1762 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሆላንዶችን የሰላም ውል አስፈረመ። በአገሪቱ ባርነት የቀረው ግን በ1863 ነው። ውሉ መራራ አንቀጽም ነበረው፤ ከዚያ ወዲህ አምልጠው የሚመጡትን ባሮች መልሰው እንዲያስረክቡ ያስገድዳቸው ነበር።

ሳራማካዎች መሬታቸውን የሚይዙት በወገን ነው። የእኛ ሰው ርስት ሲባል ወዲያው ይገባዋል፤ ልዩነቱ የነሱ ርስት በእናት ብቻ መቆጠሩ ነው። ልጅ የእናቱ ወገን ነው፣ የሚያድነውም የሚያርሰውም በዚያው ወገን መሬት ላይ ነው። የትኛው ወንዝ የማን እንደሆነ የሚመሰክረው ደግሞ አባቶች መጀመሪያ በየት በኩል እንደሸሹና የት እንደሰፈሩ የሚናገረው ታሪክ ነው። ፌሲቴን ይሉታል። ይህን ታሪክ ማንም እንደ ተረት አይዘረግፈውም። ሽማግሌው ዶሮ ሲጮህ፣ ገና ሳይነጋ፣ ቆንጥሮ ለሚያምነው ወጣት ብቻ ይነግረዋል፤ ሆን ብሎም ያጎድላል።

ሴቶቹም የራሳቸው መዝገብ አላቸው። ፓንዛ የተባለች እናት ከእርሻው ስታመልጥ የሩዝ ዘር በፀጉሯ ውስጥ ደብቃ እንደወጣች ይተርካሉ። ዛሬም በስሟ የሚጠራ የሩዝ ዘር አለ። ጫካው ተመንጥሮና ተቃጥሎ ይዘራል፣ አንድ ሁለት ጊዜ ካበላ በኋላ እንዲያገግም ለዓመታት ይተዋል። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን ጦም ያደረ መሬት ጠፍ ነው ይለዋል።

መከራውም የመጣው መሬታቸው እንዲህ እንደ ጠፍ በመታየቱ ነው። በ1960ዎቹ፣ ለአንድ የአሜሪካ የአሉሚኒየም ኩባንያ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ፣ የአፎባካ ግድብ ተሠራ። ውሃው ከሳራማካ መሬት ግማሽ ያህሉን ዋጠ፤ 6,000 ገደማ ሰዎች ተፈናቀሉ፣ መቃብሮችና የጸሎት ቦታዎች ሰጠሙ። ውሃ የዋጠው ወንዝ ታሪኩ ቢተረክ እንኳ ቆመው የሚያሳዩት ቦታ የለውም። በ1990ዎቹ ደግሞ መንግሥት ጫካውን ለውጭ እንጨት ቆራጮች ሰጠ፤ የባለቤትነት ወረቀት የሌለው መሬት የመንግሥት ነው የሚል ሕግ ነበረውና።

ሳራማካዎች ግን ዝም አላሉም። መንደሮቹ ተሰባስበው የት እንደሚያድኑ፣ የት እንደሚያርሱ የሚያሳይ ካርታ አስነሡ፤ ክሱን በኮስታሪካ ለሚያስችለው የአሜሪካ አገሮች የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት አደረሱት። ፍርድ ቤቱ ኅዳር 2007 (እ.ኤ.አ.) ፈረደላቸው፦ መሬቱ ተከልሎ በጋራ ስማቸው ይመዝገብ፣ ትልልቅ ሥራም ያለፈቃዳቸው አይጀመር አለ። ፍርዱ ከተሰጠ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶም ሱሪናም መሬቱን በስማቸው አልመዘገበችም።