በዓባይ ዳር ከጀሪፍ እስከ ኦምዱርማን

ካርቱም በጦርነት ከመታመሷ በፊት፣ በአንድ የዕረፍት ቀን ማለዳ፣ በጀሪፍ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቡና አፍልተው ካስተናገዱን በኋላ ከተማይቱን ለመጎብኘት ተነሣን። በመጀመሪያ ዓይናችንን የሳበው በዓባይ ዳር የሚጤሰው የጡብ ማቃጠያ ነበር። ወንዙ ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ ያወረደው ደለል በዚያ ተቦክቶና ተቃጥሎ የካርቱም ቤት ግድግዳ ይሆን ነበር።

ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ሞግረን ዘለቅን። ከጣና 1,450 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር የሚገናኘው በዚህ ስፍራ ነው። ሁለቱ ውሆች በቀለም እንደ ተለያዩ ጥቂት ጎን ለጎን ፈስሰው ኋላ አንድ ይሆናሉ።

ድልድዩን ተሻግረን ኦምዱርማን ስንገባ የማህዲን መቃብርና ቤተ መዘክር የሆነውን የከሊፋውን ቤት ተመለከትን። እ.ኤ.አ. በ1889 መተማ ላይ በተደረገው ጦርነት የወደቁት የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ራስ ተቆርጦ የተወሰደው ወደዚህችው ከተማ ነበርና በዝምታ ቆምን።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም የፈነዳው ጦርነት የጀሪፍን ነዋሪዎች በተነ። ያን ማለዳ ቡና ያጠጡን ወገኖች የት እንደ ደረሱ እስከ ዛሬ አልሰማንም። በሰው አገር የተሠራ ቤት፣ ጡቡ ከአገራችን አፈር ቢሆንም እንኳ፣ ያለ ሰላም መጠለያ እንደማይሆን ከእነርሱ ዕጣ ተረዳን።