ሻንት የተገጠመላቸው ሕሙማን የዘወትር ሕመም፦ ምን እንጠይቅ?

በአንጎል ውስጥ ባሉት ክፍተቶች ፈሳሽ ከመጠን በላይ ሲጠራቀም (ሀይድሮሴፋለስ)፣ ትርፉን ከቆዳ ሥር አሳልፎ ወደ ሆድ ዕቃ የሚያፈስ ቀጭን ቱቦ፣ ማለትም ሻንት፣ በቀዶ ሕክምና ይገጠማል። አንጎል በቀን 500 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ስለሚያመነጭ፣ ብዙዎቹ ሕሙማን ቱቦውን ዕድሜ ልካቸውን ይዘውት ይኖራሉ። ሻንት ሕይወትን ያድናል፤ ከሕመም ነጻ መሆንን ግን ሁልጊዜ አያረጋግጥም።

እንዲህ ያሉ ሕሙማን የራስ ምታት፣ የአንገት መወጠር ወይም የሆድ ሕመም ይዘው ሲመጡ ሁለት ስሕተቶች ያጋጥማሉ። አንደኛው «ሻንቱ ደኅና ነው» ብሎ መሸኘት ነው። ሁለተኛው ቱቦውን ፈጽሞ ሳያስቡ ለወባ ወይም ለታይፎይድ ብቻ ማከም ነው። ሁለቱንም የሚያስቀረው በጥንቃቄ የተወሰደ የሕመም ታሪክ ነው።

ሲቆሙ የሚብስና ጋደም ሲሉ የሚቀል የራስ ምታት ፈሳሹ ከመጠን በላይ መፍሰሱን ያመለክታል። በአንጻሩ ማለዳ የሚብስና ትውከት ያለበት ከሆነ ቱቦው ተዘግቶ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል። የአንገት መወጠር ሕፃኑ ሲያድግ ቱቦው በማጠሩ ወይም በዙሪያው ካልሲየም ተጠራቅሞ በመድረቁ ሊመጣ ይችላል። ሆድ ከተነፋ በቱቦው ጫፍ ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት መኖሩን በአልትራሳውንድ ማየት ያስፈልጋል፤ መንስኤውም ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን ነው። በሌላ በኩል ሚግሬንና የማስታገሻ መድኃኒት አብዝቶ መውሰድም የራስ ምታት ስለሚያስከትሉ ሁሉንም በሻንቱ ማመካኘት አይገባም።

ድብታ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ የዕይታ መቀነስ፣ የሚጥል በሽታ፣ ትኩሳት ወይም በቱቦው መስመር ላይ መቅላት ከታየ ሕመምተኛው ሳይዘገይ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል ይላክ። የአንጎል ምስል ሳይታይ ከወገብ ፈሳሽ መቅዳት አደገኛ ነው።

ሻንቱ ቢበላሽም በአንዳንድ ሕሙማን የአንጎል ክፍተቶች ላይሰፉ ይችላሉ። ስለዚህ አንድ የሲቲ ስካን ምስል ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሕመምተኛው ደኅና በነበረበት ጊዜ ከተነሣው ጋር መነጻጸር አለበት። ይህን ምስል፣ የቫልቩን ዓይነትና የቀዶ ሕክምናውን ቀን የያዘ ማስረጃ ቤተሰቡ እንዲያስቀምጥ እንምከር።

በመጨረሻም፣ እናት «ባለፈውም ሲዘጋበት እንዲህ ነበር የጀመረው» ካለች ቃሏን በካርዱ ላይ እንመዝግብ፤ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስም ሻንቱ እንደተበላሸ ቆጥረን እንመርምር። ልጇን ዘወትር የምታየው እርሷ ናትና።