ሌሶቶ የምትሸጠው ከፍታዋን ነው

«ውሃ ለጎረቤት አገር ይሸጣል ወይ?» ሲባል እኛ የውሃ ሀብት ባለሙያዎች ቶሎ የምንጠቅሰው በጥቅምት 1986 እ.ኤ.አ. የተፈረመውን የሌሶቶና የደቡብ አፍሪካ የውሃ ውል ነው።

ግን አስቡት፤ ከሌሶቶ የሚነሳውን የኦሬንጅ ወንዝ ማንም ባይነካውም ወደ ደቡብ አፍሪካ መፍሰሱ አይቀርም። ታዲያ ገዢዋ ለምን ትከፍላለች? ወንዙ ቁልቁል ከወረደ በኋላ ውሃውን ጆሃንስበርግን ወደሚያጠጣው የቫል ተፋሰስ በፓምፕ መመለስ እጅግ ውድ ነው። ተራራው ላይ፣ 185 ሜትር ከፍታ ባለው የካትሴ ግድብ ከተያዘ ግን በዋሻ አድርጎ በስበት ብቻ ይደርሳል። እግረ መንገዱን ደግሞ ለሌሶቶ መብራት ያመነጫል።

ተደራዳሪዎቹ የሁለቱን አማራጮች ወጪ አሰሉ፤ ከሚቆጠበው ገንዘብ 56 በመቶው ለሌሶቶ፣ 44 በመቶው ለደቡብ አፍሪካ ሆነ። ውሃውን የማስተላለፊያ ግንባታ ወጪ የገዢዋ ነው። ለእኔ ከግድቡ ይልቅ ይህ ቀመር ይደንቀኛል።

ነጻ ገበያ ነው ግን አልልም። ሻጭ አንድ፣ ገዢ አንድ፤ ሻጯም ዙሪያዋን በገዢዋ የተከበበች። ውሉ በተፈረመበት ዓመት ጥር ላይ ሌሶቶ ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት የተካሄደው ደቡብ አፍሪካ የድንበር ቁጥጥሯን ባጠበቀችበት ሰዓት ነበር። መሬታቸው በውሃ የተዋጠባቸው ገበሬዎችም በካሳው ሲያማርሩ ኖረዋል።

«ለአባይስ?» ለምትሉኝ፦ የታችኞቹ አገሮች በተፈጥሮ የሚደርሳቸውን ውሃ በዋጋ እንግዛ አይሉም። ገበያ የወጣው ኤሌክትሪኩ ነው፤ ኢትዮጵያ ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ስትሸጥ ቆይታለች።