ስፕሪስ (የፍራፍሬ ጁስ)

ስፕሪስ በኢትዮጵያ ጁስ ቤቶች የሚቀርብ፣ የተለያዩ ፍራፍሬዎች ጁስ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ በንብርብር የሚቀዳበት መጠጥ ነው። ብዙ ጊዜ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱንና አናናስ ይገቡበታል፤ ከላይ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ አንዳንድ ቤት ደግሞ ቪምቶ ያፈስበታል። ወፍራም ስለሆነ ብዙ ሰው በማንኪያ ይበላዋል። ወተት ካልገባበት የጾም ነው። ሻይና ቡና ተቀላቅሎ ሲቀርብም ስፕሪስ ይባላል፤ ይህ መጣጥፍ የሚመለከተው የፍራፍሬውን ነው።

መቀላቀሉ ይጎዳል ወይ?

የተለያየ ፍራፍሬ አንድ ላይ ከተበላ ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል የሚል እምነት በብዙ አገር አለ። ምግብን በዓይነት ለይቶ መብላት እንደሚያስፈልግ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ካስፋፉት አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሃዋርድ ሄይ ነበር። ሐሳቡ ሳይንሳዊ ድጋፍ የለውም። ጨጓራ አሲዳማ ነው፤ አንጀት ደግሞ ስኳርን፣ ስብንና ፕሮቲንን በአንድ ጊዜ ይፈጫል። አቮካዶ ብቻውን እንኳ ሦስቱንም ይዟል። ጉዳት ሲኖር ምክንያቱ የጠጪው የጤና ሁኔታና የጠጣው መጠን ነው።

የሆድ መነፋት

ከጁስ በኋላ ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠው ሰው «ፍራፍሬው አልተስማማኝም» ይላል። አቮካዶው በወተት ከተመታ ግን ጥፋተኛው ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አዋቂዎች በደንብ አይፈጩትም። ያለ ወተት ሞክሮ ማየት ቀላሉ መለያ ነው። ወተት ሳይገባም ችግሩ ከቀጠለ ፍሩክቶስ ይጠረጠራል። በ100 ግራም ማንጎ ውስጥ 4.7 ግራም ያህል ፍሩክቶስ ሲኖር ግሉኮሱ 2 ግራም ገደማ ነው፤ ከግሉኮስ የበለጠ ፍሩክቶስ ደግሞ በአንዳንድ ሰው አንጀት በሚገባ ስለማይመጠጥ ባክቴሪያ ያብላላዋል። ይህ የማይመች እንጂ አደገኛ አይደለም። በዘር የሚተላለፈው የፍሩክቶስ አለመስማማት ግን ሌላ በሽታ ነው፦ ብርቅ ቢሆንም ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳል፣ በሽተኛውም ከፍራፍሬና ከተራ ስኳር መራቅ አለበት።

የኩላሊት ሕመም

ከፍተኛው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። 100 ግራም አቮካዶ 485 ሚሊግራም ያህል ፖታሲየም አለው፣ ሙዝ 358፣ ማንጎ ደግሞ 168። አንድ ትልቅ ብርጭቆ 200 ግራም አቮካዶ ከያዘ ከእሱ ብቻ ወደ 1 ግራም ይጠጋል። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣል። ኩላሊቱ የደከመ ወይም እጥበት ላይ ያለ ሰው ግን ፖታሲየም በደሙ ሊከማችበት ይችላል፤ ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል፣ ልብንም እስከማቆም ይደርሳል። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚሰማ ምልክት የለውም። ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም የሚታዘዙት ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶንም ፖታሲየምን ከፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ እነዚህን የሚወስድ የኩላሊት ሕመምተኛ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር መወሰን አለበት።

አለርጂ

ለላቴክስ፣ ማለትም የሕክምና ጓንት ለሚሠራበት የተፈጥሮ ጎማ፣ አለርጂ ካላቸው ሰዎች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ለአንዳንድ ፍራፍሬም አለርጂ አላቸው፤ በተለይ ለአቮካዶና ለሙዝ፣ አንዳንዴም ለፓፓያ። ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። አናናስ ምላስ ሲያቃጥል ግን አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ አይደለም፤ ብሮሜሊን የተባለው ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይሙና አሲዱ ናቸው።

የስኳር ሕመምና እርግዝና

ፍራፍሬ ሲፈጭ ብዙው በአንዴ ይጠጣል፤ ስኳርና ቪምቶ ሲጨመር ይብሳል። ስኳር የሌለበት አቮካዶ ለስኳር ሕመምተኛ ከማንጎው ይሻላል። የደም ስኳር በድንገት ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፦ ስብ መመጠጥን ስለሚያዘገይ በዚያን ጊዜ የሚረዳው ተራ የብርቱካን ጁስ ነው።

ነፍሰ ጡሮች ከጥሬ ፓፓያ እንዲርቁ ይመከራል፤ ነጭ ወተቱ በአይጥ ላይ በተደረገ ጥናት ማሕፀንን አኮማትሯል። በደንብ የበሰለው ፓፓያ ተመሳሳይ ውጤት አላሳየም።