ድምፃቸው የጠፋባቸው ሁለት ፊደሎች

አንባቢ ሆይ፤ የእንግሊዝኛ የቃል ጽሕፈት ፈተና ተቀምጠው ያውቃሉን? መምህሩ «ናይት» ብለው ሲያነቡ የሰሙትን ድምፅ አንድ በአንድ በፊደል ቢያስቀምጡ ስሕተት ይሆንብዎታል። በቃሉ መካከል የማይሰሙ ሁለት ፊደሎች፣ ጂ እና ኤች፣ ተደብቀዋልና። ይህ «ናይት» ሌሊት ማለት ነው ብለው ከያዙ በኋላ ደግሞ ፈረሰኛ ባላባት የሚባለው ሌላው «ናይት» ይመጣል። እርሱም ያንኑ ጂ እና ኤች ይዞ፣ ከፊቱ የማይነበብ ኬ ጨምሮ ይገኛል።

ይህን የመሰለው ነገር ስንቱን ተማሪ «እኔ ለቋንቋ አልተፈጠርሁም» አሰኝቶታል! በመሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረውም ወጣት የጻፈው ደብዳቤ በአለቃው ቀይ እርሳስ ተሠርዞ ሲመለስለት እንዲሁ ያዝናል። ነገር ግን ጥፋቱ የተማሪው አእምሮ አይደለም። እነዚህ ፊደሎች የሺህ ዓመት ታሪክ አላቸው፤ ታሪካቸውን ያወቀ ሰው የመንገዱን ግማሽ ሄደ ማለት ነው። ቀሪው ግማሽ አራት ደንቦች ብቻ ነው።

ፊደሎቹ ድምፅ በነበራቸው ጊዜ

ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት በፊት እንግሊዞች ሌሊትን «ኒኽት» ይሉት ነበር። በመካከል ያለው ድምፅ እኛ በ«ኸ» የምንጽፈው፣ ከጉሮሮ አጠገብ የሚወጣው ነው። የእንግሊዝኛ ዘመድ የሆነው ጀርመንኛ ይህን ድምፅ እስከ ዛሬ ጠብቆታል። ጀርመኖች ሌሊትን «ናኽት»፣ ሴት ልጅን «ቶኽተር»፣ ስምንትን «አኽት» ይላሉ። እንግሊዞች ግን «ናይት»፣ «ዶተር»፣ «ኤይት» ብለው ያልፋሉ። በሦስቱም የእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ ግን ጂ እና ኤች ይጻፋሉ። እንግዲህ ሁለቱ ፊደሎች የሞተው የ«ኸ» መቃብር ላይ የቆሙ ሐውልቶች ናቸው።

ጥንት ይህ ድምፅ የሚጻፈው በኤች ብቻ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1066 የኖርማንዲው መስፍን ዊልያም እንግሊዝን ድል ካደረገ በኋላ ግን በፈረንሳይ አጻጻፍ የሠለጠኑ ጸሐፊዎች ሥራውን ያዙ፤ በጊዜ ብዛትም ጂን ከኤች ጋራ አጣምሮ መጻፍ ተለመደ። በ1400 ያረፈው ባለቅኔ ጄፍሪ ቾሰር ፈረሰኛውን ሲጠራ ኬውንም ጂውንም ኤቹንም ሳያስቀር «ክኒኽት» ይል ነበር።

ማተሚያው ረጋ፤ አፍ ሸሸ

በ1476 ዊልያም ካክስተን የሚባል፣ ብዙ ዓመት በፍላንደርስ አገር በብሩዥ ከተማ የኖረ ነጋዴ፣ በዌስትሚንስተር የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ አቆመ። መጽሐፍ በብዛት እየታተመ ሲሄድ አጻጻፉ ቀስ በቀስ ረጋ። የሕዝቡ አነጋገር ግን አልረጋም። ከ15ኛው እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ «ኸ» ከብዙው እንግሊዛዊ አፍ ጠፋ። በአንዳንዱ ቃል ፈጽሞ ዝም አለ፤ በአንዳንዱ ወደ «ፍ» ተለወጠ። ባለቤቱ የለቀቀው ቤት በር ላይ የስሙ ሰሌዳ እንደሚቀር፣ ጂ እና ኤችም በጽሕፈት ላይ ቀሩ። በስኮትላንድ ግን ሌሊትን ዛሬም «ኒኽት»፣ ሐይቅንም «ሎኽ» የሚሉ ሰዎች አሉ።

ከዚህም በላይ ያለ ሥራ የተቀጠሩ አሉ። መንፈስ ወይም የሙት ጥላ ማለት የሆነው «ጎስት» ቀድሞ ኤች አልነበረበትም። ሊቃውንት እንደሚሉት ኤችዋ የገባችው በካክስተን ማተሚያ ቤት በኩል፣ የፍላንደርስን አጻጻፍ ለምደው በነበሩ ሠራተኞች እጅ ነው። ደስታ ማለት የሆነው «ዲላይት» ደግሞ ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ጂም ኤችም አልነበረውም። በ16ኛው መቶ ዓመት ብርሃን ከሚባለው «ላይት» ጋራ ድምፁ ስለ ተመሳሰለ ብቻ ሁለቱ ፊደሎች ተጨመሩበት።

አራቱ ደንቦች

አሁን ወደ ጠቃሚው ነገር እንምጣ። (በእንግሊዝኛ ቲ እና ኤች ተጣምረው ለሚሰጡት ድምፅ አማርኛ ፊደል ስለሌለው በ«ሰ» ወይም በ«ዘ» እናስጠጋዋለን።)

1ኛ፤ ሁለቱ ፊደሎች በቃል መጀመሪያ ሲመጡ እንደ «ገ» ይነበባሉ፤ ኤች ዝም ትላለች። «ጎስት» እንዲህ ነው። ከኢጣልያንኛ የመጣው «ጌቶ»፣ ከዐረብኛ የመጣውና ሬሳ በላ ጭራቅ ማለት የሆነው «ጉል» እንዲሁ ናቸው።

2ኛ፤ ከቲ በፊት ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ዝም ይላሉ። በፊታቸው አይ ብቻ ካለ «አይት» ይሆናል፦ «ናይት» ሌሊት፣ «ላይት» ብርሃን፣ «ራይት» ቀኝ ወይም መብት፣ «ፋይት» ጠብ፣ «ፍላይት» በረራ። በፊታቸው ኢ እና አይ ካሉ «ኤይት» ይሆናል፦ «ኤይት» ስምንት፣ «ዌይት» ክብደት። ከዚህ ያፈነገጠው ከፍታ የሚባለው «ሃይት» ነው።

በዚሁ ደንብ ሥር ተማሪውን በጣም የሚያስጨንቁት ሰባት ግሦች አሉ፤ ኃላፊ ጊዜያቸው «ኦት» ብሎ ያልቃል። ገዛ «ቦት»፣ አመጣ «ብሮት»፣ አሰበ «ሶት»፣ ፈለገ «ሶት» (ይህኛው በኤስ ይጀምራል)፣ ተዋጋ «ፎት»፣ ያዘ «ኮት»፣ አስተማረ «ቶት»። ምሥጢሩ ይህ ነው፤ ያዘ እና አስተማረ የሚባሉት ሁለቱ በኤ እና በዩ ይጻፋሉ፤ የቀሩት አምስቱ በኦ እና በዩ። ሁለቱን ብቻ ይያዙ፤ አምስቱ ራሳቸውን ይጠብቃሉ።

3ኛ፤ ከአይ ቀጥለው በቃል መጨረሻ ሲመጡ ዝም ይላሉ፦ «ሃይ» ከፍተኛ፣ «ሳይ» በረጅሙ ተነፈሰ፣ «ዌይ» መዘነ።

4ኛ፤ ከኤ-ዩ ወይም ከኦ-ዩ ቀጥለው በመጨረሻ ሲመጡ ነገሩ ይበላሻል። «ፍ» የሚሉትን በቃል ማጥናት ይበጃል፤ ዘወትር የሚያጋጥሙት ስድስት ናቸው፦ «ላፍ» ሣቀ፣ «ኮፍ» ሳለ፣ «ራፍ» ሻካራ፣ «ታፍ» ጠንካራ፣ «ኢናፍ» በቃ፣ «ትሮፍ» የከብት መመገቢያ ገንዳ። የቀሩት ዝም ይላሉ፤ በፊታቸው ያለው ድምፅ ግን እንደ ቃሉ ይለያያል፦ «ዞ» ምንም እንኳ፣ «ስሩ» በመካከል አልፎ፣ «ዶ» ሊጥ፣ «ፕላው» ማረሻ።

የመሥሪያ ቤት ወጥመዶች

በጽሕፈት ቤት ለሚሠሩት ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሃየር» የሚል ድምፅ ሲሰሙ፣ ከፍ ያለ ማለት ከሆነ በጂ እና በኤች ይጻፋል፤ ሰው ቀጠረ ማለት ከሆነ ሁለቱም የሉበትም። የሥራ ቦታ የሚባለው «ሳይት» ጂ እና ኤች የለውም፤ እይታ የሚባለው «ሳይት» ግን አለው። የደብዳቤ ረቂቅ የሚባለው «ድራፍት» በኤፍ የሚጻፍ ነው። በእንግሊዞች አጻጻፍ ጂ እና ኤች የሚገቡበት «ድራፍት» ከበርሜል የሚቀዳው ቢራ ነው። እንግዲህ ለአለቃዎ «ረቂቁን አቅርቤያለሁ» ብለው ሲጽፉ ቢራ እንዳያቀርቡላቸው ይጠንቀቁ።

ለምን አይጥሏቸውም?

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ራሳቸው ይህን ጠይቀዋል። አሜሪካዊው ኖዋ ዌብስተር በ1828 ባወጣው መዝገበ ቃላት ማረሻን ያለ ጂ እና ኤች ጻፈው፤ አሜሪካውያንም እስከ ዛሬ እንዲሁ ይጽፉታል። በ1906 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የመንግሥቱ ማተሚያ ቤት 300 ቃላትን ባጭሩ እንዲጽፍ አዘዙ፤ «ዞ» እና «ስሩ» ከነዚህ መካከል ነበሩ። ጋዜጦች ሣቁባቸው፤ ምክር ቤቱም ተቃወመ፤ ትእዛዙ በዚያው ዓመት ቀረ። በ1950 የሞተው ደራሲ ጆርጅ በርናርድ ሾው ደግሞ ከ40 የማያንስ ፊደል ያለው አዲስ ገበታ እንዲሠራ ገንዘብ ተናዘዘ። ገበታው ተሠርቶ በ1962 ከድርሰቶቹ አንዱ ታተመበት፤ ተከታይ ግን አላገኘም።

በዚህ ለመሣቅ አንቸኩል፤ በእኛም ቤት ይኸው ጉዳይ አለ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ በአማርኛ አነጋገር አንድ ሆነዋል፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ጥንት በግእዝ ግን እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ነበረው፤ ትግርኛም ሐን ከሀ፣ ዐን ከአ ዛሬ ድረስ ይለያል። «ይቀነሱ፤ ልጆች ይረፉ» የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ «ከተቀነሱ የቃሉ ዘር ይጠፋል፤ ፀሐይ የወጣችበት ‹ሠረቀ› እና ሌባው ‹ሰረቀ› ይቀላቀላሉ» የሚሉም አሉ። እንግሊዞችም የሚከራከሩት በዚሁ ነው፦ ለሚማረው ልጅ ይቅለል ወይስ የቃሉ ታሪክ ይጠበቅ?

ክርክሩ እስኪያልቅ ግን ፈተናው አይጠብቅም። ስለዚህ ቃላቱን በተናጠል አያጥኑ፤ በየቤተሰባቸው ሰብስበው በየቀኑ አምስት አምስት ይጻፉ፤ ሲጽፉም ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ። ጆሮ የማይሰማውን እጅ ሊለምደው ይችላል።

እስኪ እርሳስዎን ያንሡና ራስዎን ይፈትኑ። በእነዚህ ስድስት ቃላት እንግሊዝኛ ውስጥ ጂ እና ኤች ምን ይላሉ? ጎረቤት፣ ከፍታ፣ ሻካራ፣ ሊጥ፣ ሴት ልጅ፣ የሙት ጥላ።

መልስ፦ በሻካራ «ፍ»፤ በሙት ጥላ «ገ»፤ በቀሩት በአራቱ ዝም።