አንድ ራይት

ጥቅምት 2016፣ ደብረ ማርቆስ። አክስቴ ለሽሮ የሚሆን አተር እየቆሉ ነበር። ማማሰያውን በአንድ እጃቸው እንደያዙ በሌላው ስልካቸውን አቀበሉኝ። "እስቲ ይችን ነገር እያት፤ ልጅቱ ዘጋችኝ መሰለኝ።"

ዋትስአፑን ከፈትሁት። ቤይሩት በሰው ቤት ለምትሠራው ልጃቸው የላኩት ቮይስ አለ፤ ከሥሩ ሌላ ቮይስ፤ ከዚያም የደመራ ዕለት የተነሡት ፎቶ። ሁሉም ከጎናቸው ትንሽ ክብ ሰዓት ይዘው ቆመዋል።

"እቴቴ፣ የዘጋችዎ እሷ አይደለችም" አልኋቸው። ያች ሰዓት መልእክቱ ገና ከስልኩ እንዳልወጣ ትናገራለች። ወጥቶ የድርጅቱ ሰርቨር ዘንድ ከደረሰ አንድ ራይት ይሆናል። የተቀባዩ ስልክ ላይ ሲያርፍ ሁለት፣ ሲነበብ ደግሞ ሰማያዊ። ቤይሩት ያለችው ልጅ በበኩሏ የምታየው አንድ ግራጫ ራይት ነበር፤ የእሷ መልእክት ሰርቨሩ ድረስ ሄዶ ወደዚህ የሚሻገርበት መንገድ አጥቷል። እናት ልጄ ቀዘቀዘችብኝ ትላለች፤ ልጅ እናቴ ምን ሆነችብኝ እያለች እንቅልፍ አጥታለች።

ነገሩን ለማስረዳት ስሞክር አክስቴ አስቀድመው የጠየቁኝ ግን ሌላ ነበር፦ "ለመሆኑ ስናወራ መሐል ላይ ያለው ሰው ይሰማናል?" ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱንም ከፊታቸው ከነበረው ሽሮ ጀመርሁ።

ሽሮው ማንም የሚያውቀው ይሁን። እርስዎ ለማንም ያልነገሩት ቅመም አለዎት፤ ልጅዎም የራሷ አላት። እርስዎ ሽሮው ላይ ቅመምዎን ጨምረው፣ አስፈጭተው ይላኩላት። እሷም በተመሳሳይ ሽሮ ላይ የራሷን ጨምራ ትላክልዎት። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሁለቱንም ከረጢት ፈትቶ ሊያይ ይችላል፤ ነገር ግን አንዴ ከተፈጨ ሽሮ ኮረሪማውንና ጦስኙን መልሶ መልቀም አይቻልም። አሁን እርስዎ ከእሷ በመጣው ላይ የራስዎን ቅመም ይጨምሩ፤ እሷም ከእርስዎ በሄደው ላይ የራሷን። በሁለታችሁ እጅ ያለው ጣዕሙ አንድ ሆነ፤ ቅመማችሁን ግን አንዳችሁም ለሌላው አልነገራችሁም። መንገደኛው ሁለቱን ከረጢት ቢደባልቅ ሽሮው እጥፍ ይሆንበታል እንጂ ያን ጣዕም አያገኘውም።

ሁለት አሜሪካውያን፣ ዊትፊልድ ዲፊ እና ማርቲን ሄልማን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ያሳተሙት ሐሳብ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ በሽሮው ቦታ በጣም ትልልቅ ቁጥሮች አሉ። የጋራው ጣዕም ቁልፍ ይሆናል፤ መልእክቱ በዚያ ይቆለፋል፤ ስልኮቹም ለየመልእክቱ ቁልፉን ይቀያይሩታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ የሚባለው ይህ ነው። የሲግናል ሰዎች የሠሩትን ይህን አሠራር ዋትስአፕ በመጋቢት 2008 ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ አዳረሰው። ከዚያ ወዲህ ሰርቨሩ ተሸካሚ ብቻ ነው፤ ከማን ለማን፣ መቼ እንደተላከ ያውቃል፤ ውስጡን አያውቅም።

ጎጃም ላይ ስለ ምስጢር ሲወራ ቅኔ መነሣቱ አይቀርም። ቅኔ ግን የሚዘረፈው የሚፈታው እንዲገኝለት ነው፤ ሰሙን ገልጦ ወርቁን ለማውጣት እውቀት ይበቃል። ምስጠራን እውቀት ብቻውን አይፈታውም። አሠራሩ በአደባባይ ታትሞ ማንም ያጠናዋል፤ አጥንቶ የጨረሰውም ሰው ቁልፉ ከሌለው ደጅ ይቀራል።

ቴሌግራም ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታልና እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። እኛ አገር ማኅበሩም፣ ዕድሩም፣ የክፍል ጓደኞችም ያሉት ቴሌግራም ላይ ነው፤ ብዙዎችም ሁሉም ነገር የተቆለፈ ይመስላቸዋል። አይደለም። ተራው ወሬና ግሩፑ የሚቆለፈው ከስልክዎ እስከ ሰርቨሩ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ቁልፉ በድርጅቱ እጅ ነው። ከመልእክቶቹ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚቆለፈው ሰው በሰው እየመረጡ የሚከፍቱት ምስጢራዊ ቻት ብቻ ነው። የድርጅቱ መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2016 ፓሪስ ላይ ሲያዝ፣ ከዚያም ድርጅቱ ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የወንጀል ተጠርጣሪዎችን ስልክ ቁጥርና የኢንተርኔት አድራሻ እንደሚሰጥ ሲያሳውቅ ብዙ ሰው ደነገጠ። ድንጋጤው የዘገየ ነበር።

ወደ መንገዱ ልመለስ። ከአክስቴ ማድቤት የተነሣ መልእክት መጀመሪያ ሰፈሩ ውስጥ ካለው የኔትወርክ ማማ ይደርሳል። ከዚያ በፋይበር የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ ማዕከሉ፣ ከማዕከሉ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር ውስጥ ገመድ፣ ከዚያ ወደ ዋትስአፕ ሰርቨር፣ ከሰርቨሩ ወደ ቤይሩት ይሄዳል። ቁልፉ በዚህ መንገድ ላይ ማንም እንዳያነብ ያደርጋል። ማንም እንዳያስቆም ግን አያደርግም።

መንገዱ በሰርቨሩ በኩል የሚበላሽበት ጊዜ አለ። መስከረም 24 ቀን 2014 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ በዓለም ሁሉ 6 ሰዓት ያህል ጠፍተው ዋሉ። ለጥገና የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የድርጅቱን የመረጃ ማዕከላት የሚያገናኘውን መስመር ቆርጦት፣ የስም ማውጫ ሰርቨሮቹ ከኢንተርኔት ካርታ ላይ ራሳቸውን አወጡ፤ የተቀረው ዓለም ወደ እነሱ የሚወስደውን መንገድ አጣ። ጥቅምት 10 ቀን 2018 ደግሞ አማዞን ሌሎች ድርጅቶች በሚከራዩት የሰርቨር አገልግሎቱ ላይ ችግር ሲገጥመው፣ በምስጢር አጠባበቅ ስሙ የሚጠራው ሲግናል ሳይቀር ቆመ። በእነዚያ ቀናት የማንም ምስጢር አልወጣም። ቁልፉ ደህና ነበር፤ የጎደለው አጓጓዡ ነው።

በእኛ በኩል የሚዘጋው ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ሁለቱን ስለሚቀላቅል ለይቶ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው አፑን ብቻ መርጦ መዝጋት ነው። መልእክቱ ቢቆለፍም ፖስታው ላይ የተጻፈው አድራሻ ይታያል፤ ስለዚህ ወደ ቴሌግራም ወይም ወደ ፌስቡክ የሚሄደውን ብቻ እየለዩ መጣል ይቻላል። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሲኖዶሱ ውዝግብ በተነሣበት ሰሞን፣ ከየካቲት 2 ቀን 2015 ጀምሮ ለ5 ወራት ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ የተዘጉት በዚህ መልክ ነበር። ያኔ አገሩ ሁሉ ቪፒኤን ተማረ። ቪፒኤን ፖስታውን ሌላ አድራሻ የተጻፈበት ፖስታ ውስጥ ከትቶ መላክ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው የሚያየው የውጩን አድራሻ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ዳታውን ራሱን መቁረጥ ነው። የስልክ ጥሪና ዳታ ከአንድ ማማ ቢነሡም ውስጥ ለውስጥ የሚሄዱት በየራሳቸው በር ነው፤ የዳታውን በር ዘግቶ የጥሪውን ክፍት መተው ይቻላል። በሩ ከተዘጋ ቪፒኤን ዋጋ የለውም፤ ፖስታ በፖስታ ቢደራረብ መንገድ አይሆንም። በሰኔ 2011፣ በሰኔ 2012፣ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በትግራይ ሁለት ዓመት ያህል የሆነው ዳታውን መቁረጥ ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ የተቋረጠው ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀበት ሰሞን ሲሆን፣ በአንዳንድ ከተሞች የተመለሰው አንድ ዓመት ሊሞላ ሲል በሐምሌ 2016 ነው።

አክስቴን ያስገረማቸው፣ እኔንም እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የሚከተለው ነው። ዳታ ሲቆረጥ የሚቆመው የተቆለፈው መልእክት ነው። መስመር በፈቀደ ጊዜ የሚሠራው ተራ ጥሪና አጭር የጽሑፍ መልእክት፣ ከስልክ እስከ ማማው ድረስ ካለችው መጠነኛ ምስጠራ በቀር፣ ከማማው ወዲያ ላለው አጓጓዥ ክፍት ነው። ስለዚህ በችግር ቀን፣ ሰው ስለ ወንድሙ ደህንነትና ስለ ልጁ መግቢያ መውጫ በሚጨነቅበት ቀን፣ የታሸገው ፖስታ ይከለከልና ክፍቱ ይቀራል። ግላዊነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሰላይን ነው። በዚያ ዓመት ግን ማንም የማንንም ቁልፍ ሳይሰብር፣ አንድ ክልል ሙሉ ሕዝብ ምስጢሩን ጮክ ብሎ እንዲያወራ ተገደደ።

በሌላው ወገን ያለውን ክርክር ንቄ አላልፈውም። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ተሰርቆ በስልክ ሲሰራጭ የደከሙ ልጆች ልፋት ተቃጥሏል። የጥላቻ ወሬ ሰው እንዳስገደለም እናውቃለን። ወንጀለኛ የተቆለፈ ወሬ እንደሚያወራም እውነት ነው። ከዚህ ተነሥተው በሌላው ዓለምም መንግሥታት ለእነሱ የሚሆን ትርፍ ቁልፍ ይቀረጽ ይላሉ፤ እንግሊዝ በ2017 ዓ.ም. አፕልን ይህን ስትጠይቅ፣ ድርጅቱ ትርፍ ቁልፍ ከመቅረጽ ይልቅ ጠንካራውን ምስጠራ ለእንግሊዝ ደንበኞቹ አቆመ። ለአንዱ የተቀረጸ ቁልፍ ግን ለአንዱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሰረቀውም፣ ነገ በወንበሩ የሚቀመጠውም በዚያው ይከፍታል።

የጥላቻው ወሬ ደግሞ በአብዛኛው የተዛመተው በአደባባይ ገጽና ቪዲዮ ላይ ነው፤ ሁሉም እያየው። እናት ለልጇ የላከችው ቮይስ ውስጥ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 በፖስታም፣ በስልክም፣ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያም የሚደረግን ግንኙነት ከመደፈር ይጠብቃል፤ የሚገደበውም በአስገዳጅ ሁኔታና በዝርዝር ሕግ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ጥርጣሬ ያለበትን ሰው በፍርድ ቤት ትእዛዝ መርምሮ ማስረጃ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ሚሊዮኖችን በአንድ ጊዜ ዲዳ ማድረግ ሌላ ነው። በሚያዝያ 2006 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ክስ ውስጥ፣ ሰኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ በተባለ የዲጂታል ደህንነት ትምህርት መሠልጠናቸው እንደ ጥፋት ተጠቅሶ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ክሳቸው እስከዚያ የዘለቀውን በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። በርን መቆለፍ መማር እንደ ወንጀል የተቆጠረበትን ጊዜ ሩቅ አድርገን አናስበው።

ዳታው ሲመለስ አክስቴ ቤት ነበርሁ። ስልኩ መንጫጫት ይጀምራል ብለው ጠብቀው ነበር፤ ዝም አለ። ዋትስአፕ ያልደረሰ መልእክትን የሚያቆየው 30 ቀን ነው፤ ከዚያ ከሰርቨሩ ይጠፋል። ልጅቱ ለእንቁጣጣሽ የላከችው ዘፈን፣ ለገና ያለቀሰችበት ቮይስ የለም። 120 ቀን ሳይከፈት የቆየ አካውንትም በራሱ ይዘጋልና እንደ አዲስ መመዝገብ ነበረብን። አዲስ ምዝገባ አዲስ ቁልፍ ያወጣል፤ ቤይሩት ያለው ስልክ ላይም የእናትሽ የደህንነት ኮድ ተቀይሯል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። ልጅቱ ጠርጣራ ናት፤ በተራ ስልክ ደወለች።

ኮዱ 60 አኀዝ ነው፣ አምስት አምስት እየሆነ በ12 ቦታ የተከፈለ። ሁለቱ ስልኮች ላይ አንድ ከሆነ መሐል የገባ የለም። በክፍት መስመር ቢነበብ ጉዳት የለውም፤ ሰሚው ቁልፉን አያገኝበትም። የሚፈለገው ቁጥሩን የሚያነበው ድምፅ የእናትዮዋ መሆኑ ነው። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከቁጥሩ ሥር እየጎተቱ ጀመሩ። ሰባተኛው ላይ መሥመር ዘለሉ። "አይ እማዬ፣ ከላይኛው ጀምሪ" አለቻቸው። ከላይኛው ጀመሩ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ ወዲያ ማዶ ለጥቂት ጊዜ ዝምታ ሆነ። "እሺ፤ አንቺ ነሽ" አለች።

አክስቴ የመጀመሪያ መልእክታቸው ምን እንደሚሆን አስቀድመው አስበውበት ነበር። ያን የደመራ ዕለት የተነሡትን ፎቶ ፈልገው ነኩት። ሰዓቷ ታየች፣ ጠፋች። አንድ ራይት። ሁለት።