በማያውቁት ተራራ የቀስት አደንን ማቀድ፦ የሳን ሁዋን ተራሮች እንደ ምሳሌ

መግቢያ

ጠመንጃ የያዘ አዳኝ አጋዘንን ከመቶ ሜትሮች ርቀት ሊመታ ይችላል፤ ቀስት የያዘ ግን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 40 ሜትርና ከዚያ በታች መቅረብ ይኖርበታል። በዚህ ርቀት የአደኑን ውጤት የሚወስነው ከመሣሪያው ጥራት ይልቅ የእንስሳው አፍንጫ ነው። ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት የሚገኙትን የሳን ሁዋን ተራሮች ምሳሌ በማድረግ፣ አካባቢውን የማያውቅ አዳኝ ዕቅዱን ለምን በነፋስ ላይ መመሥረት እንዳለበት ያብራራል። «አጋዘን» የሚለው ስም በአገራችን ቀንዳቸውን ለማይጥሉ እንስሳት ያገለግላል፤ እዚህ ግን የሚያመለክተው ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለውን፣ በጆሮው ትልቅነት በበቅሎ የተሰየመውን ሚዩል ዲር ነው።

የወቅቱ ጠባይ

የቀስት አደን በኮሎራዶ የሚጀምረው በሴፕቴምበር መጀመሪያ ነው። የአጋዘን ፈቃድ በዕጣ ስለሚሰጥ ማመልከቻው ከወራት በፊት ይቀርባል። የመራቢያ ወቅታቸው ኖቬምበር ገደማ በመሆኑ፣ ወንዶቹ በዚህ ጊዜ በትንንሽ መንጋ ሆነው 3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዛፍ በሚያበቃበት ዳርቻ ይሰማራሉ። ንጋትና ምሽት ላይ ይግጣሉ፤ ቀን በጥላ ተኝተው ያመሰኳሉ። ቀንዳቸውን የሸፈነው ለስላሳ ቆዳ ከተላጠ በኋላ ግን ወደ ጫካ የመግባት ዝንባሌ ስላላቸው፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዋጋ ከፍተኛ ነው።

ከካርታ ወደ ተራራ

አዳኙ በኮንቱር ካርታና በሳተላይት ምስል ላይ ግጦሽን፣ ውኃንና ጥላማ ተዳፋትን ይለያል። ቀጥሎም ወደ ስፍራዎቹ ሳይገባ በባይኖኩላር የሚቃኝባቸውን ተረተሮች ይመርጣል። ሌላ አዳኝ ሊቀድመው ስለሚችል አማራጭ ስፍራዎች ያስፈልጉታል። ጥቂት ቀናት ቀድሞ መድረሱ ለቅኝትም ሆነ ሰውነቱን ከከፍታው ጋር ለማላመድ ይጠቅማል።

ካርታው በግልጽ የማያሳየው ነፋሱን ነው። አየሩ ጸጥ ባለ ዕለት፣ ሌሊትና ማለዳ የቀዘቀዘው አየር ቁልቁል ይወርዳል፤ ፀሐይ ተዳፋቱን ስታሞቅ ሽቅብ ይወጣል፤ ምሽት ላይ እንደገና ይወርዳል። በመሆኑም በማለዳ ከበታች፣ ሽቅቡ ነፋስ ከጸና በኋላ ደግሞ ከበላይ መቅረብ ይገባል። አደገኛው አቅጣጫው የሚለዋወጥበት ሰዓት ነው፤ በዚያን ጊዜ ከመንቀሳቀስ መጠበቅ ይሻላል። ምሥራቃዊው ተዳፋት ቀድሞ ስለሚሞቅ የለውጡ ሰዓት ከተዳፋት ተዳፋት ይለያያል። ስለዚህ በካርታው ላይ ከእያንዳንዱ መቅረቢያ ጎን ሰዓቱም ሊጻፍ ይገባል።

ማጠቃለያ

ዕቅድ አዳኙ መቼ እንደሚተውም አስቀድሞ ይወስናል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲያስገመግም ገላጣውን ተረተር ለቆ መውረድ ግዴታ ነው። ፍላጻ የሚገድለው ደም በማፍሰስ ስለሆነ፣ እንስሳው ጎኑን ካልሰጠ ወይም ነቅቶ ከተወጠረ አለመወርወር ይሻላል፤ የተሳሳተ ውርወራ ቁስለኛ እንስሳ በጫካ ውስጥ ያስቀራል። የወቅቱ ሙቀት ሥጋን ፈጥኖ ስለሚያበላሽም፣ ሥጋው ሳይበላሽ ተሸክሞ ሊወጣ የማይቻልበት ሸለቆ፣ አጋዘን ቢሞላበት እንኳ፣ ከዕቅዱ ሊሰረዝ ይገባል። እነዚህ ውሳኔዎች ልብ በሚመታበት ቅጽበት በትክክል አይወሰኑም፤ ቦታቸው ካርታው የተዘረጋበት ጠረጴዛ ነው።